የአማቴ የስለት ጃንጥላ

በሁለተኛው ቀን ጠዋት እግሬ በርባሶ ውስጥ አልገባ አለኝ። ማታ ያሳደረችን ሴትዮ ጨው የገባበት ሙቅ ውኃ ሰጥታኝ ስነክረው አምሽቼ ነበር፤ ምንም አልጠቀመኝም። አብጦ ያደረ ሊጥ መስሏል። የጎማ ጫማ መቼም ምሕረት አያውቅም፤ ተረከዜን ልጦታል። በጨርቅ ጠቅልዬ፣ ማሰሪያውን አላልቼ፣ እያነከስኩ ከግቢው ወጣሁ። ከሐይቅ ከተነሳን ገና አንድ ቀናችን ነው፤ የአምባሰል ቁልቁለትና ዳገት ከፊታችን ተደርድሮ ይጠብቀናል። መስከረም ነው፣ አደዩ ፈክቷል፣ ጤዛው ቀሚሴን እስከ ጉልበቴ አርሶታል። መንገደኛው ሁሉ "ተመስገን" እያለ ይሄዳል። እኔ እውነቱን ለመናገር ከእንቅልፌ ከነቃሁ ጀምሮ የማስበው ስለ መቀመጥ ብቻ ነበር።

ወደ ግሸን የምንጓዘው ሦስት ሆነን ነው፤ አማቴ፣ ጎረቤታችንና እኔ። አማቴ ጉልበታቸውን ያማቸዋል፤ ያም ሆኖ ሁልጊዜ ከፊቴ ናቸው። ጎረቤታችን ስንቃችንን የጫነችውን አህያ የሚነዱ ሽማግሌ ናቸው። ሙስሊም ናቸው። በኛ በወሎ ሙስሊም ለግሸን ማርያም ስለት ሲያስገባ፣ ክርስቲያንም ከሼኹ ዘንድ ሄዶ ዱዓ ሲያስደርግ ማንም ዞር ብሎ አያይም። ስለዚህ ለምን አብረውን እንደመጡ አልጠየቅኩም። አህያዋ የሳቸው ናት፣ ጉርብትናችንም የዘመድ ያህል ነው፤ በቃ።

የምንሄደው ግን ስለ ባሌ ነበር።

ባሌና የጎረቤታችን ልጅ በሐይቁ ላይ በአንድ ታንኳ ዓሣ የሚያጠምዱ፣ አንድ መረብ ለሁለት ይዘው የሚጠግኑ ጓደኛሞች ነበሩ። በዚያ በደርግ ጊዜ፣ አንድ የገበያ ቀን፣ ያጠመዱትን ሊሸጡ ወደ ከተማ እንደወጡ ሁለቱም ታፈሱ። ዓሣው መንገድ ላይ ተደፍቶ ድመት ሲራኮትበት ያዩ ሰዎች ናቸው መጥተው የነገሩን። ለብሔራዊ ውትድርና ተብለው፣ ጥቂት ሰልጥነው ወደ ሰሜን ተወሰዱ። ከዚያ ወዲያ ድምፃቸው ጠፋ። ቀበሌ ተመላልሼ ጠይቄያለሁ፤ ግዳጅ ላይ ነው ከማለት ሌላ መልስ አልነበራቸውም። እኔም ባል እያለኝ እንደሌለኝ፣ ባል ሳይኖረኝ እንዳለኝ ሆኜ ተቀመጥኩ። ሰው ሰላምታ ሲሰጠኝ እንኳ ምን ብሎ እንደሚጨርሰው ይጨንቀው ነበር።

ልጃቸው በታፈሰ ዕለት አማቴ ያደረጉትን አልረሳም። ከቤት ወጥተው፣ ፊታቸውን ወደ አምባሰል ተራሮች አዙረው ተንበረከኩና ለግሸን ማርያም ተሳሉ። "ጃንጥላ አስገባልሻለሁ" ሲሉ በጆሮዬ ሰምቻለሁ። የቀረውን በሆዳቸው ነው የጨረሱት። ስለት እንዴት እንደሆነ ደግሞ የኛ አገር ሕፃን እንኳ ያውቀዋል። ትለምኛለሽ፣ ትሳያለሽ፣ ትጠብቂያለሽ፤ ሲደርስልሽ ታስገቢያለሽ። ሳይደርስለት ስለት ተሸክሞ ዳገት የሚወጣ ሰው የለም።

ታዲያ ክረምቱ ሊወጣ ሲል፣ እህል ላወርድ ቆጥ ላይ ብወጣ በጋቢ የተጠቀለለ ነገር አገኘሁ። ገለጥ ባደርገው ቀይ ከፋይ ጃንጥላ ነው፤ ዙሪያውን የወርቅ ቀለም ያለው ዘርፍ ተንጠልጥሎበታል። ልቤ ዘለለ። ስለታቸው ደርሷል ማለት ነው። ባሌ በሕይወት አለ ማለት ነው። ታዲያ ለምን አልነገሩኝም? ብዬ ራሴን ጠየቅሁና መልሱንም ራሴው ሰጠሁት፤ ከድቶ መጥቷል። የከዳ ወታደር ቢያዝ ምን እንደሚጠብቀው የማያውቅ አልነበረም፣ ያስጠጋውም አይተርፍ። ስለዚህ ከአንዱ ቆላ፣ ከዘመድ ዘንድ ተደብቋል። አማቴ ያውቃሉ፣ ጎረቤታችንም ያውቃሉ፤ እኔ ከደስታዬ ብዛት አፌ እንዳያመልጠኝ ተብሎ ተደብቆኛል። ትንሽ ቅር አለኝ፣ ግን ፈረድኩላቸው። ደስ ሲለኝ ፊቴ ላይ እንደሚያስታውቅ እኔም አውቃለሁ። ሆድ ይፍጀው አልኩና ጃንጥላውን እንደነበረ ጠቅልዬ ወረድኩ። አማቴ መስከረም ጠብቶ "ግሸን አብረሽኝ ትሄጃለሽ" ሲሉኝ "እሺ" ብቻ ነው ያልኳቸው። ግሸን ስንደርስ ይነግሩኛል እያልኩ ነው ያንን ሁሉ መንገድ እግሬን የጎተትኩት።

ቁልቁለት ከዳገት ይብሳል ቢሉኝ ከዚያ ቀን በፊት አላምንም ነበር። የክረምቱ ጭቃ ገና አልደረቀም፣ ድንጋዩ ያዳልጣል፣ ጣቶቼ በየእርምጃው ከጫማው ጫፍ ጋር ይጋጫሉ። ከፊት ከኋላ ነጠላ የለበሰ ሰው ነው። አንዱ ይዘምራል፣ አንዱ ያስላል፣ አንዷ ልጇን አዝላ ታባብላለች። አማቴ ጃንጥላውን ከነጋቢው በጀርባቸው አዝለው፣ በምርኩዛቸው ድንጋዩን እየነካኩ ይወርዳሉ። እስኪ ልያዝልዎት ብላቸው የተሳልኩት እኔ ነኝ ብለው ከለከሉኝ። እኔም ደስ አለኝ፤ የራሴን ነጠላ መሸከም እንኳ ከብዶኝ ነበር።

ወንዙ ጋ ከመድረሳችን በፊት፣ ዛፍ ሥር፣ ጠብመንጃ የያዙ ሰዎች መንገደኛውን ያስቆማሉ። በንግሥ ሰሞን ነጠላ ተከናንቦ ከሕዝቡ ጋር የሚያልፍ ከጂ ወታደር አይጠፋም ብለው ነው። የቀበሌ ይለፋችንን አዩ። ባልሽ የት ነው አሉኝ፤ ግዳጅ ላይ ነው አልኩ። ስዋሽ እንዳይታወቅብኝ ነጠላዬን ማስተካከል ያዝኩ። ጎረቤታችንንም ልጅህስ አሏቸው። እሳቸውም ግዳጅ ላይ ነው አሉ፤ የአህያዋን ገመድ መዳፋቸው ላይ እየጠመጠሙ፣ መልሰው እየፈቱ። አንደኛው፣ በንግግሩ ከሌላ አገር የመጣ የሚመስለው፣ አማቴ ያዘሉትን በጠብመንጃው አፍ ነካ አድርጎ ምን እንደሆነ ጠየቀ። ስለት ነው አሉት። የምን ስለት? አላቸው።

"የእናት" አሉ አማቴ፣ ቀና ብለው እያዩት።

ወጣቱ ታጣቂ አቀረቀረና በእጁ እለፉ አለን። ትንሽ እንደሄድን ጎረቤታችን ቆም ብለው ላባቸውን በጋቢያቸው ጫፍ ጠረጉ። ለኔ ባል ሲሉ ይህን ያህል መፍራታቸው አንጀቴን በላው። እንዲህ ያለ ጎረቤት ከየት ይገኛል እያልኩ ነው ወንዙ የገባሁት። ወንዙ ገና ሙሉ ነበር፣ ቀዝቃዛው ውኃ ቁስሌን ሲነካው መጀመሪያ አቃጠለኝ፣ ቀጥሎ እግሬ ደነዘዘ። ማዶ ስደርስ ድንጋይ ላይ ተቀምጬ አልነሳም ብዬ ነበር።

ያስነሱኝ ጎረቤታችን ናቸው። ከአህያዋ ላይ የበሶውን ስልቻ አውርደው በትከሻቸው ተሸከሙና ነይ ውጪባት አሉኝ። እንዴት ይሆናል? እኔ ወጣቷ በአህያ፣ ጉልበታቸውን የሚያማቸው አማቴ በእግር! አማቴን ባያቸው እሳቸውም ውጪ አሉኝ፣ በቁጣ ጭምር። ወጣሁ። አፍሬ ነጠላዬን እስከ ዓይኔ ተከናነብኩ፤ መንገደኛው ሁሉ ይቺ ምን ሆና ነው እያለ የሚያየኝ መሰለኝ።

የገረመኝ ግን ሌላ ነው። ጎረቤታችን በደህናው ጊዜ እኔን ሳይተርቡ ውለው አያውቁም ነበር። የዓሣ አጥማጅ ሚስት ስለሆነች የብስ ላይ መራመድ አታውቅም ይሉኝ ነበር፤ ሠርጌ ላይም ሙሽራዋ ዓሣ ዓሣ ትሸታለች ብለው ሰዉን አስቀውብኛል። በዚያ ቀን አህያ ላይ ተቆልዬ እያዩኝ አንዲት ተረብ እንኳ አልወረወሩም። ዞር እያሉ "አብሽሪ ልጄ፣ አብሽሪ" ብቻ ይሉኛል። ይህንንም ተረጎምኩት፤ ምሥጢሩ ስለከበዳቸው ነው አልኩ። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው የሚባለውን አውቀዋለሁ። የጆሮው ባለቤት እኔ እንደሆንኩ አላወቅኩም እንጂ።

ዳገቱ አያልቅም። አለቀ ስንል ሌላ ትከሻ ይመጣል፣ እሱን ስንወጣ ሌላ። ፀሐይዋ ከረር ስትል አህያዋም እንደኔ ለገመች፣ ወርጄ ኋላዋን እየገፋሁ ሄድኩ። እኩለ ቀን ላይ አንድ መንደር ስንደርስ የሙስሊም እናቶች በየደጃፋቸው እንስራ ውኃና የባቄላ ንፍሮ አውጥተው መንገደኛውን ይቀበላሉ። አንዷ ቁጭ አስደርጋ እግሬን ልታጥበኝ ጎንበስ ስትል አልቅሺ አልቅሺ አለኝ። ምን እንደሆንኩ አላውቅም። ድካም ነው። ንፍሮውን ሳላላምጥ ዋጥኩት።

እዚያው ጥላ ሥር ከሌላ አገር የመጡ አሮጊት መንገደኛ ከአማቴ ጎን ተቀምጠው ነበር። የጃንጥላውን ዘርፍ በጋቢው ቀዳዳ አይተው ስለትዎ ደርሶልዎት ነው? ብለው ጠየቁ። እኔ ጆሮዬን አቆምኩ።

"አዎ፣ ደርሶልኛል። ክብር ምስጋና ለሷ ይሁን" አሉ አማቴ።

አሮጊቷ እልል አሉ። እኔ ፈገግታዬ እንዳይታይ ፊቴን ወደ ግድግዳው አዞርኩ። በቃ፣ ከእናቱ አፍ ሰማሁት። ከዚያ በኋላ የቀረውን ዳገት በምን ጉልበት እንደወጣሁት እንጃ። ደስታ እግር አያሽርም፣ ቁስሌ እንደሆነ ያው ይጠዘጥዘኛል፣ ወገቤ ለሁለት ሊከፈል ደርሷል፤ ግን የት አባቱ እያልኩ ሄድኩ። ሲመጣ ምን እንደምለው አስብ ነበር። መጀመሪያ እቆጣዋለሁ አልኩ። ቢያንስ ቃል አትልክም ነበር ወይ እለዋለሁ አልኩ።

ፀሐይዋ ስታዘቀዝቅ ከአምባው ግርጌ ደረስን። ግሸን ከላይ ቀጥ ብሎ ቆሟል፤ አንጋጥጬ ባየው ጫፉ ጭጋግ ውስጥ ገብቷል። የመጨረሻው አቀበት ለነገ ይተዋል፤ እንደኛ ደክሞት የደረሰው ሁሉ ሜዳው ላይ ነጠላውን አንጥፎ ወድቋል። ጎረቤታችን አህያዋን አራግፈው ጀርባዋን ያሹላታል። አማቴ ጃንጥላውን ከጀርባቸው ፈትተው ጭናቸው ላይ አስቀመጡ። እኔ በርባሶዬን አወለቅሁ፣ ጨርቁ ከቁስሉ ጋር ተጣብቆ አልላቀቅ አለኝ። ያን ጊዜ ነው ከዚህ በላይ ዝም ማለት ያቃተኝ። ባሌ በሠርጋችን ዕለት ያሰረልኝን የብር መስቀል ከማተቤ ፈትቼ ለአማቴ ዘረጋሁላቸው።

"እማዬ፣ አንቱ ጃንጥላ ሲያስገቡ እኔም ባዶ እጄን አልቆምም" አልኩ። "ይቺን አስገባላታለሁ። ባትነግሩኝም አውቄዋለሁ። እንዳለ አውቄያለሁ።"

ጎረቤታችን አህያዋን ማሸት አቆሙ። ቀስ ብለው ሄዱና ጀርባቸውን ሰጥተውን ተቀመጡ። አማቴ መስቀሉን አልተቀበሉኝም። ጣቶቼን አንድ በአንድ አጥፈው መልሰው በእጄ አስጨበጡኝ፣ እጄንም በሁለት እጃቸው ያዙት።

"ይህን አታስገቢ ልጄ። እሱ የለም።"

ምን ማለታቸው እንደሆነ አልገባኝም። ስለቴ ደረሰ አላሉም ወይ? ጃንጥላውስ? አልኳቸው መሰለኝ። ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ ዓይናቸውን ከጃንጥላው ሳይነቅሉ ነው የነገሩኝ።

"መልሽልኝ ብያታለሁ፤ እሱን አልሰማችኝም። ካልመለስሽውም ግድ የለም፣ ያገሩ ሰው ይቅበረው፣ አሞራ አይብላው ብዬ ነበር የተሳልኩት። ያንን ሰማችኝ። የሰማችኝን ላስገባ ነው የመጣሁት።"

የአማቴ ወንድም በወጣትነቱ ዘምቶ ሬሳው ሜዳ ቀርቶ፣ እናታቸው ዕድሜ ልካቸውን አሞራ ሲያንዣብብ ባዩ ቁጥር እህል እንደማይቀምሱ ሰምቼ አውቃለሁ። ልጃቸው የታፈሰ ቀን አማቴ ተንበርክከው ያሰቡት ያንን ነበር። ባሌን የቀበረው የጎረቤታችን ልጅ ነው። ጥይት እየወረደ ጓደኛውን ጎትቶ፣ ከቁጥቋጦ ሥር በእጁና በቆርቆሮ ቆፍሮ፣ ድንጋይ ከምሮበት፣ ሁለት እንጨት አጣምሮ ተከለበት። በሌላ ጊዜ እሱ ራሱ ክንዱን ቆስሎ ሆስፒታል ገባ፤ ሲሻለው ወደ ግንባር መመለሱን ትቶ ጠፍቶ መጣ። ከቆላ ዘመድ ዘንድ የተደበቀው እሱ ነው። የገመትኩት ሁሉ ልክ ነበር፤ ሰውየው ብቻ ሌላ ነው።

ጎረቤታችን ፊታቸውን ሳያዞሩ ተናገሩ።

"ልጄ የናንተን ፍትሐት አያውቅም። የሚያውቀውን ፋቲሃ ነው የቀራለት። አላህ ያድርስለት።"

ጩኸቱ ከሆዴ ተነስቶ ጉሮሮዬ ጋ ሲደርስ አማቴ በነጠላቸው አፌን ያዙኝ። ጨካኝ ሆነው አይደለም። መርዶ እኛ ዘንድ ዘመድ ተሰብስቦ፣ ንጋት ላይ፣ ቤት ውስጥ ነው የሚነገረው፤ ይህን እሳቸው ከኔ በላይ ያውቁታል። ግን ሰፈር ውስጥ ባለቅስ ማን ነገረሽ ይሉኛል። ቀበሌ ያልነገረኝን ሞት ማን አመጣው ይባላል። ያ ልጅ ይያዛል፤ ባሌን የቀበሩት እጆች በኔ ልቅሶ ምክንያት ይታሰራሉ። ስለዚህ አማቴ አሰቡበት። አሰቡና ሴት ልጅ የፈለገችውን ያህል ጮሃ ብታለቅስ ማንም ለምን የማይላት ቦታ አንድ ግሸን ብቻ ሆኖ አገኙት። እዚያ ሁሉም ያለቅሳል፣ ሁሉም ይንበረከካል፣ ሁሉም ደረቱን ይመታል። ነገ እላይ ስንወጣ፣ ሕዝቡ መካከል ሊነግሩኝ ነበር ያንን ሁሉ መንገድ ያስኬዱኝ። የቸኮልኩት እኔ ነኝ።

"እስከ ጫፉ ድረስ ያዢው" አሉኝ። "ጠብመንጃ የያዙት እዚህም አሉ። እላይ ስንደርስ ትለቂዋለሽ።"

ያዝኩት። አሁን ሳስበው እንዴት እንደያዝኩት አላውቅም። ያን ምሽት ሰው ሁሉ ደክሞት ተኝቷል፣ እኔም ጋደም ብዬ ድካሜን እንደ ሰው ሁሉ አስመሰልኩ። ሲነጋ አቀበቱን ስንጀምር እግሬ ታሞ እንደነበር እንኳ ረስቼዋለሁ፤ የከበደኝ ሌላ ነው። አማቴ ከፊቴ ጃንጥላውን አዝለው፣ ጎረቤታችን ከኋላዬ፣ እንዳልወድቅ አንዳንዴ ክርኔን እየደገፉ። ጫፉ ላይ ስንደርስ አማቴ ጋቢውን ገፈፉና ጃንጥላውን ዘረጉት። ቀይ ነበር፣ ዘርፉ በጠዋት ፀሐይ ያብረቀርቃል። ሰዉ እልል አለላቸው። ያን ጊዜ ለቀቅሁት። መሬቱ ላይ ተደፍቼ ስሙን እየጠራሁ ጮህኩ። አጠገቤ የነበረች የማላውቃት ሴት እሷም የራሷን ታለቅስ ነበር፤ እያለቀሰች ጀርባዬን መታ መታ አደረገችኝና አይዞሽ ትሰማሻለች አለችኝ። ጉሮሮዬ እስኪዘጋ አለቀስኩ።

ሐይቅ ከተመለስን በኋላ ኑሮዬን ቀጠልኩ። ውኃ ቀዳሁ፣ ገበያ ወጣሁ፤ ከእሱ ወሬ አለ ወይ ሲሉኝ እግዜር ያውቃል እላለሁ። ሌላ መስከረም ሳይጠባ ቀበሌ ሞቱን ለሽማግሌዎች ነገረ፣ ሽማግሌዎቹም እንደ ወጉ ጎሕ ሲቀድ መጥተው በሩን አንኳኩ። ቤቱ በሰው ሞላ። ከሁሉም በላይ ያለቀሱት ጎረቤታችን ናቸው፤ እስከዚያ ቀን ድረስ እሳቸውም ይዘውት ነበር። እኔ ግን መሬት ላይ ተቀምጬ ዓይኔ ደረቀ። የነበረኝን ሁሉ አምባው ላይ ትቼው መጥቻለሁ። ሴቶቹ እርስ በርሳቸው ሲተያዩ አየሁ።

አማቴ ወደ ጆሮዬ ጠጋ አሉ።

"ጩኺ ልጄ" አሉኝ። "ቀድማ ሰምታለች ይላሉ።"

ጮህኩ።